ጂኤንዩ ኢማክስ፣ የጽሑፍ ማረሚያ ፕሮግራም (1985 እ.ኤ.አ.)

ኢማክስ በ1976 በኤምአይቲ ሲጀመር ቴኮ ለተባለ የጽሑፍ ማረሚያ የተጻፉ ማክሮዎች ስብስብ ነበር፤ የቴኮ ቋንቋ ግን ለማንበብ እጅግ አስቸጋሪ ነው። ሪቻርድ ስቶልማን በ1985 ባወጣው ጂኤንዩ ኢማክስ ወሳኙ ለውጥ የቋንቋው ይመስለናል፦ መሠረቱ በሲ፣ አብዛኛው የቀረው ክፍል በሊስፕ ተጻፈ። በዚህም ተጠቃሚው ፕሮግራሙን ሳይዘጋ የአንድን ቁልፍ ሥራ በሊስፕ መለወጥ ቻለ። ማሽን ያዘገያል የሚለው ትችት (ቀልደኞች «8 ሜጋባይት የማይበቃው» ይሉት ነበር) ለዘመኑ ኮምፒውተሮች ሐሰት አልነበረም። ሆኖም ሁሉም በሲ ቢጻፍ ኖሮ እያንዳንዱ ማሻሻያ ፕሮግራሙን እንደገና ኮምፓይል ማድረግን ይጠይቅ ነበር። የኢማክስ የግዕዝ ፊደል መተየቢያ ደንብ ለምሳሌ በሊስፕ ፋይል ተቀምጧል፤ ሲ የማያውቅ ሰውም ከፍቶ ሊያነበው፣ «ሀ» የሚወጣባቸውን ቁልፎች ሊቀይር ይችላል።