ብቸኝነትና አሰቃቂ ገጠመኝ፦ ልብ ወለድ ስለ ተራፊዎች አእምሮ ምን ያሳየናል?

እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣው «ካስት አዌይ» ፊልም ከአውሮፕላን አደጋ ተርፎ ሰው በሌለበት ደሴት ለአራት ዓመት ብቻውን የኖረን ሰው ያሳያል። ሰውየው ፊት የሣለበትን መረብ ኳስ «ዊልሰን» ብሎ ያወራዋል፣ ይጣላዋል፤ ባሕር ሲወስድበትም አምርሮ ያለቅሳል።

ይህ እብደት ነው?

የግድ አይደለም። ሰው ሲያጣ አእምሮ ራሱ የሚያናግረው ይፈልጋል። ለብቻ ማውራት ብቻውን የአእምሮ ሕመም ምልክት አይደለም።

ከተመለሱ በኋላ

ችግሩ በመትረፍ አያበቃም። የፊልሙ ሰው አገሩ ገብቶም አልጋ ትቶ ወለል ላይ ይተኛል። በእውኑ ዓለምም አሌክሳንደር ሴልከርክ የተባለው መርከበኛ ከአራት ዓመት በላይ በደሴት ብቻውን ኖሮ በ1709 ሲገኝ፣ ንግግሩ ለመረዳት ያስቸግር ነበር። የ1719ኙ «ሮቢንሰን ክሩሶ» መነሻ እሱ እንደሆነ ይነገራል።

መቼ ሐኪም ያማክሩ?

ከእስር፣ ከስደት ወይም ከአደጋ የተረፈ ቤተሰብዎ የሚከተሉት ከአንድ ወር በላይ ከቆዩበት ወደ አእምሮ ጤና ባለሙያ ይውሰዱት፦

• ተደጋጋሚ ቅዠት
• ክስተቱ አሁን እየተፈጸመ እንዳለ ሆኖ መሰማት
• በትንሽ ድምፅ መደንገጥ
• ከሰው መሸሽ

ሌላው የማይሰማውን ድምፅ ከሰማ ወይም ራሱን ስለማጥፋት ካወራ ብቻውን አይተዉት፤ ዛሬውኑ ወደ ሕክምና ተቋም ይሂዱ። ሕመሙ በንግግር ሕክምናና በመድኃኒት ይታከማል።

እርስዎ ምን ማድረግ ይችላሉ?

የደረሰበትን እንዲናገር አያስገድዱት፤ ሲናገር ግን ያዳምጡት። ከቡናው፣ ከማዕዱ አይለዩት። ወለል ላይ ቢተኛም አይሳቁበት።