ልደታ፤ ከከተማ ዳርቻ እስከ ከተማ እምብርት

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር ሠፈሮቿ በቤተ መንግሥቱ፣ በአብያተ ክርስቲያናቱና በመኳንንቱ ግቢዎች ዙሪያ ተሰባሰቡ። ልደታ ግን በምዕራብ በኩል የከተማዋ ዳርቻ ሆና ቆየች። ዕድሏን የወሰነው ሜዳማነቷ ነው፤ ኮረብታና ወንዝ በበዛባት ከተማ ለአውሮፕላን ማረፊያ የሚሆን ደልዳላ መሬት በቀላሉ አይገኝምና።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. የመጀመሪያ በረራውን በአስመራ በኩል ወደ ካይሮ ያደረገው ከዚሁ ከልደታ ሜዳ ነበር። ለዳግላስ አውሮፕላኖች ሜዳው በቂ ነበር። ይሁን እንጂ ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ አየሯ ስስ ነው፤ ስስ አየር ደግሞ የክንፍን የማንሣት ኃይልና የሞተርን ጉልበት ስለሚቀንስ ጄት ለመነሣት እጅግ ረጅም መንደርደሪያ ይሻል። ልደታ ማስረዘሚያ ቦታ አልነበራትም። ስለሆነም ቦሌ ተሠራ፤ አየር መንገዱ በ1955 ዓ.ም. የተረከባቸው ቦይንግ 720ቢ ጄቶችም በዚያ ማረፍ ጀመሩ። ‹‹ኦልድ ኤርፖርት›› የሚለው መጠሪያ ግን ዛሬም ከሰው አፍ አልወጣም።

በመንደሩ ውስጥ የበዛው የእንጨትና የጭቃ ቤት ነበር። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 47 ትርፍ ቤቶች የመንግሥት ሲሆኑ አነስተኛ ኪራይ የሚከፈልባቸው በቀበሌ ሥር ዋሉ። የኪራዩ ማነስ ለድኻው ረድኤት ነበር፤ ነገር ግን ቆርቆሮ ለመለወጥ እንኳ የሚበቃ ገቢ አላስገኘም። የጭቃ ግድግዳ በየጊዜው ካልተለሰነና ውሃ ካልተከላከሉለት ምሰሶው ከሥሩ ይበሰብሳል። በመሆኑም መንደሩን ያስረጀው ዕድሜ ብቻ ነው ማለት ፍርደ ገምድልነት ነው፤ ጥገና ያጣ ቤት ነበር። የሚያስገርመው፣ በ1940ዎቹ አጋማሽ በስዊድን ርዳታ የተቋቋመው የሕንፃ ኮሌጅ የሚገኘው በዚሁ አካባቢ መሆኑ ነው።

በ2000ዎቹ መጀመሪያ መንደሩ ፈርሶ በቦታው ኮንዶሚኒየም ቆመ። በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡርም ሁለቱ መሥመሮቹ ከልደታ እስከ መስቀል አደባባይ በአንድ ሐዲድ እንዲጓዙ ሆኖ ተዘረጋ። ለተነሺዎች የቀረበው ምርጫ እንደ ይዞታቸው ይለያይ ነበር፤ ለባለቤቱ ምትክ ቦታ፣ ለቀበሌ ተከራዩ ደግሞ ቅድመ ክፍያውን ከቻለ ኮንዶሚኒየም፣ ካልቻለ ሌላ የቀበሌ ቤት። መርካቶ በእግር የሚደረስበት ቅርብ ስለነበር ተሸካሚውም ሆነ ጉልት ቸርቻሪዋ ለመጓጓዣ አያወጡም ነበር። ወደ ዳርቻ ለሄደው ግን የታክሲ ሒሳብ በየዕለቱ ከገቢው ላይ የሚቀነስ ወጪ ሆነ።

የዛሬዎቹ ዳርቻዎች እንደ ጀሞ ያሉት ናቸው። ነዋሪው ማለዳ ወደ መሐል ከተማ፣ ማታ ወደ ቤቱ ይጎርፋል። የቀላል ባቡሩ ምዕራባዊ ጫፍ ጦር ኃይሎች ነው፤ ጀሞ አይደርስም።