ፊደልን ለማያውቅ መሣሪያ ፊደል ማስተማር፦ የኢማክስና የግዕዝ ጽሕፈት ታሪክ



ከዚህ ከእስቴ ወደ ጋይንት የወጣ ተማሪ በቤተ ልሔም ድጓ ሲጽፍ ቃሉን በመስመሩ ያሰፍራል፤ ምልክቱን ከቃሉ በላይ በደቃቅ ጽሕፈት ይጥላል። ቃልና ዜማ በአንድ ገጽ ቢገናኙም ሁለት ሥራዎች ናቸው። በኮምፒውተር ጽሕፈትም ይህን የመሰለ የሥራ ክፍፍል አለ።

ኢማክስ የተባለው ጽሑፍ ማዘጋጃ እ.ኤ.አ. በ1976 በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ተጀመረ። ሪቻርድ ስቶልማን በ1985 ጂኤንዩ ኢማክስን ለሕዝብ አቀረበ። የዚህ መሣሪያ ብልሃት ሁሉንም አውቃለሁ አለማለቱ ነው። ጸሐፊው የመረጠውን አንቀጽ ለውጭ ፕሮግራም ይሰጣል፤ ውጤቱን በዚያው ገጽ ይቀበላል። ትእዛዙንም ከነአማራጮቹ በአንድ ቁልፍ ላይ ሊያስረው ይችላል።

ለእኛ ይህ ለምን አስፈለገ? በዚያ ዘመን የግዕዝ ፊደል የጋራ የኮምፒውተር ቁጥር አልነበረውም። እያንዳንዱ የአማርኛ ሶፍትዌር የራሱን ቁጥር ስለሰጠ፣ በአንዱ የተጻፈው በሌላው ሲከፈት ትርጉም የለሽ ይሆን ነበር። እኔም በወጣትነቴ የጻፍሁት አንድ ጥናት ዛሬ በዲስኬት ላይ አለ፤ የሚያነበው ግን የለም።

ይትና ፍርድይወቅና ዳንኤል ያዕቆብ ሴራ የተባለውን ሥርዐት ሲያዘጋጁ ሌላ መንገድ መረጡ። ሴራ ፊደላችንን ማንኛውም ማሽን በሚያነበው ተራ የላቲን ሆሄ ይወክላል። (ስሙ በአማርኛ ጆሮ ጥሩ አይደለም፤ ሥራው ግን ቅን ነው።) በጃፓን ናኦቶ ታካሃሺ ይህን ወደ ፊደል የሚመልስ ክፍል ለኢማክስ ጻፉ፤ እ.ኤ.አ. በ1997 የወጣው ቅጽ 20ም የብዙ ቋንቋ ድጋፍን በውስጡ ይዞ ነበር። በዚያ ክፍል ተጠቃሚው ዋና ቋንቋዬ አማርኛ ነው ወይም ትግርኛ ነው ብሎ ይወስናል።

ፊደሉ ከዚያ ወደ ቴክ ትእዛዝ ይለወጣል፤ ገጹን የሚያቀናው ላቴክ ከኢማክስ ውጭ ያለ ፕሮግራም ነው። ብርሃኑ በየነ ከማንፍሬድ ኩድሌክ፣ ከኦላፍ ኩመርና ከዮኸን ሜትሲንገር ጋር ለላቴክ የአማርኛ ፎንት ሠርተዋል። ላቴክ ስሕተት ባገኘ ቁጥር ቆሞ ይጠይቃል፤ «ሳትቆም ጨርስ» የሚለውን አማራጭ በኢማክስ ማስተካከያ ውስጥ አንድ ጊዜ መጻፍ ግን ከዚህ ጣጣ ያሳርፋል።

እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ 3.0 ለፊደላችን የጋራ ቁጥር ሰጠ። ብዙዎች ጉዳዩ አለቀ ብለው ነበር፤ እኔ አልተስማማሁም። ይዘት፣ ደረት፣ ርክርክ፣ ድፋትና ሌሎቹ፣ በጠቅላላው 10 የዜማ ምልክቶች፣ የገቡት በ2005 በዩኒኮድ 4.1 ነው። ቁጥር ማግኘታቸውም በቂ አይደለም፤ ተራ ጽሑፍ ማዘጋጃ ምልክቱን ከቃሉ ጎን ይደረድረዋል እንጂ በላዩ አያስቀምጠውም። ድጓን በኮምፒውተር ለመጻፍ የሚነሣ የጋይንት ልጅ ዛሬም ገጹን የሚያቀናለት ሌላ ፕሮግራም መጥራት አለበት፤ የትኛው ምልክት በየትኛው ፊደል ላይ እንደሚውል የሚወስነው ግን የድጓው መምህር ነው።