ስለ ኤዶምያስ ዓለት

ነቢዩ አብድዩ ኤዶምያስን ስለ ትዕቢቷ ሲገሥጻት የዓለቱን ንቃቃት ስለ ምን አነሣ ቢሉ፥ ሕዝቧ የታመነው በዚህ ምሽግ ስለ ነበረ ነው። አገሩ ዛሬ በዮርዳኖስ መንግሥት ውስጥ ያለ ምድረ በዳ ነው። ወደ ጴጥራ ፍራሽ የሚሄድ መንገደኛ ግራ ቀኙ ገደል የሆነ፥ ከ1 ኪሎ ሜትር የሚረዝም ጠባብ ስንጥቅ አልፎ ይገባል። ከከተማይቱ በላይ ኡም ኤል ቢያራ የሚባል አምባ አለ፤ በራሱም ላይ የኤዶማውያን ቤቶች ፍራሽና፥ ቆስ ገብር የተባለ የንጉሣቸው ማኅተም አሻራ በቁፋሮ ተገኝቷል። የአምባው ስም በዓረብኛ የጕድጓዶች እናት ማለት ነው፤ ምንጭ የለውምና የዝናብ ውኃ ይጠራቀምበት ነበር። ኋላ የመጡት ናባጣውያንም የዐይነ ሙሴን ውኃ ከዓለቱ በፈለፈሉት ቦይ ስበው፥ ጎርፉንም በግድብ መልሰው ከተማቸውን አቀኑ። ነገር ግን በአውሮጳውያን አቆጣጠር በ106 ዓመተ ምሕረት የሮሙ ቄሣር ትራያኖስ መንግሥታቸውን ወሰደ፤ በ363ም የምድር መናወጥ ከከተማይቱ ብዙውን አፈረሰ። እንግዲህ በዓለት የታመኑት ሁሉ ይኖሩ የነበሩት ከሰማይ በሚወርድ ዝናብ ነው። አምባ ያለው ይህን ያስተውል፤ ጠላትን የሚከለክል ገደል ጥምን አይከለክልም፥ የምድርንም መናወጥ አይመልስም።