ለረቂቅ የሚሰጥ ሽልማት፦ የኪስዋሂሊው ውድድርና የአፍሪካ ቋንቋዎች ድርሰት

በአፍሪካ ስም ከሚሰጡ የሥነ ጽሑፍ ሽልማቶች በስመ ጥርነቱ የኬይን ሽልማትን የሚስተካከል ጥቂት ነው። እ.ኤ.አ. ከ2000 ጀምሮ ለአጭር ልብ ወለድ ይሰጣል፤ በ2021 ያሸነፈችውም ትውልደ ኢትዮጵያዊቷ ሜሮን ሃደሮ ናት። የሚወዳደረው ግን በእንግሊዝኛ የተጻፈ ወይም ወደ እንግሊዝኛ ተተርጉሞ የታተመ ሥራ ብቻ ነው። በሐውሳ ወይም በአማርኛ የሚጽፍ ሰው ዳኞች ዘንድ ለመድረስ አስቀድሞ ተርጓሚ፣ ቀጥሎም የእንግሊዝኛ አሳታሚ ማግኘት ይኖርበታል። ብዙው ድርሰት በዚህ በር ላይ ይቀራል።

በ1979 የተቋቋመው የኖማ ሽልማት በሩን ሰፋ አድርጎት ነበር። በአህጉሪቱ እስከታተመ ድረስ በአገር ቋንቋ የተጻፈንም መጽሐፍ ይቀበል ነበርና በ1984 ኬንያዊው ጋካራ ዋ ዋንጃው ስለ ማው ማው አመፅ ዘመን እስሩ በጊኩዩ በጻፈው ማስታወሻ ከደቡብ አፍሪካዊው ንጃቡሎ ንዴቤሌ ጋር ተጋርቶታል። በ2009 ግን ተቋረጠ።

እኔ ትልቅ ግምት የምሰጠው ከዚያ ወዲህ ለመጣው፣ ሊዚ አትሪና ሙኮማ ዋ ንጉጊ በ2014 በማባቲ–ኮርኔል ስም ላቋቋሙት የኪስዋሂሊ ሽልማት ነው። ገንዘቡን ያዋጡት የአሜሪካው ኮርኔል ዩኒቨርሲቲና አንድ የኬንያ ኩባንያ ናቸው፤ ኩባንያው የቤት ጣሪያ ቆርቆሮ አምራች ነው። የምሥራቅ አፍሪካ ነጋዴ ለምሥራቅ አፍሪካ ቋንቋ ገንዘብ ማውጣቱ ብቻውን ሊጠና የሚገባው ነገር ነው። ሲጀመር በጥቅሉ 15,000 ዶላር ለአሸናፊዎች ይከፋፈል ነበር። ከገንዘቡ ይልቅ ክብደት ያለው ደንቡ ነው፦ በቅርብ ከታተሙ መጻሕፍት ጎን ለጎን ያልታተመ ረቂቅም ይወዳደራል፤ ያሸነፈውን ረቂቅ ማሳተምና አሸናፊውን የግጥም መድበል ወደ እንግሊዝኛ ማስተርጎምም የሽልማቱ አካል ነው። በ2015 በልብ ወለድ አና ሳምዌል ማንያንዛ፣ በግጥም የዛንዚባሩ ተወላጅ መሐመድ ጋሳኒ አሸንፈዋል። ዳኞቹ ሥራውን የሚያነቡት በተጻፈበት ቋንቋ ስለሆነ ዜማው፣ ቤት አመታቱና የአነጋገር ለዛው ሳይባክን ይመዘናል። በትርጉም የሚዳኝ ግጥም ይህን ዕድል አያገኝም።

ቅሬታዬ አንድ ነው። በጥር 2000 አስመራ ላይ የተሰበሰቡ ደራስያንና ምሁራን ባወጡት መግለጫ፣ የአፍሪካ ቋንቋዎች ስለ አህጉሪቱ የመናገሩን ኃላፊነት ራሳቸው እንዲሸከሙ፣ እርስ በርሳቸውም እንዲተረጎሙ ጠይቀው ነበር። የኪስዋሂሊው ሽልማትም ከዓላማዎቹ መካከል በአፍሪካ ቋንቋዎች መካከል የሚደረግን ትርጉም ማበረታታት ይገኝበታል፤ በደንቡ ላይ በጀት ተይዞለት የተጻፈው ትርጉም ግን ወደ እንግሊዝኛ የሚደረገው ነው። ናይሮቢና አዲስ አበባ ጎረቤት ሆነው ሳለ አንዱ የሌላውን ድርሰት በአብዛኛው የሚያነበው በሦስተኛ ቋንቋ ነው።

ለኢትዮጵያ ሽልማት እንግዳ ነገር አይደለም። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሽልማት ድርጅት ከበደ ሚካኤልን፣ እ.ኤ.አ. በ1966 ደግሞ ገና ወጣት የነበረውን ጸጋዬ ገብረ መድኅንን በአማርኛ ሥነ ጽሑፍ አክብሯል። ዛሬ በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞ፣ በትግርኛ ወይም በሶማሊኛ ለሚጽፉ ደራስያን ሽልማት የምታስቡ ሁሉ፣ ከበጀታችሁ መጀመሪያ የአንድ ረቂቅ ማሳተሚያና የአንድ ተርጓሚ ደመወዝ አስቀምጡ፤ ተርጓሚውም ከአፍሪካ ቋንቋ ወደ አፍሪካ ቋንቋ የሚመልስ ይሁን። ለአዳራሹና ለዋንጫው ከቀሪው ይከፈላል።