የኩላሊት ሕሙማን ሕፃናት የመድኃኒት አሰጣጥና የነርሶች ዕውቀት

ኩላሊቱ የደከመ ሕፃን በወትሮው ልክ የተሰጠው መድኃኒት ሳይወገድ በደሙ ውስጥ ተጠራቅሞ ሊመርዘው ይችላል። ትእዛዙን የሚጽፈው ሐኪም ቢሆንም መድኃኒቱን ለክቶ የሚሰጠው ነርስ በመሆኑ፣ ስሕተትን ለማረም የመጨረሻው ዕድል በእርሱ እጅ ነው። ክሊኒካል ፋርማሲስት በሌለበት ክፍል ደግሞ ኃላፊነቱ ይከብዳል።

ለሕፃናት መድኃኒት በአብዛኛው የሚታዘዘው በክብደት ነው። ፕሮቲን በሽንት በሚባክንበት ኔፍሮቲክ ሲንድሮም የተያዘ ሕፃን ግን ሰውነቱ ስለሚያብጥ ሚዛኑ ያሳስታል። ከእብጠቱ በፊት 15 ኪሎ ግራም የነበረው ሕፃን 18 ሊመዝን ይችላል። ፕሬድኒሶሎን ሲጀመር በቀን ለአንድ ኪሎ ግራም 2 ሚሊ ግራም፣ ቢበዛ 60 ሚሊ ግራም በመሆኑ፣ መሰጠት ያለበት 30 ሚሊ ግራም ሆኖ ሳለ በእብጠቱ ክብደት ሲሰላ 36 ይሆናል። የቀድሞውን ክብደት ከወላጅ ወይም ከካርድ ማጣራት የሚያስፈልገውም ለዚሁ ነው።

የላቦራቶሪ ውጤትም በአዋቂ መለኪያ ሊነበብ አይገባም። በዴሲ ሊትር 1 ሚሊ ግራም የሆነ ክሬያቲኒን ለአዋቂ ሰው እንደ ጤናማ ይቆጠራል። እ.ኤ.አ. በ2009 በሽዋርትዝና በባልደረቦቹ የተሻሻለው ቀመር ቁመትን በሴንቲ ሜትር ወስዶ በ0.413 ካባዛ በኋላ ለክሬያቲኒኑ ያካፍላል። በዚህ ስሌት ቁመቱ 100 ሴንቲ ሜትር የሆነ ሕፃን የሚያገኘው 41 ገደማ ሲሆን፣ ጤናማው ከ90 በላይ ነው። ቁመት በካርዱ ላይ ካልሰፈረ ግን ስሌቱን መሥራት አይቻልም። ይህ ለኃላፊዎች ከበጀት ይልቅ የአሠራር ልማድ ጉዳይ ነው።

ከመድኃኒቶቹ መካከል ጄንታማይሲን ልዩ ጥንቃቄ ይሻል። ከሰውነት የሚወጣው በኩላሊት ሲሆን፣ ሲጠራቀም ኩላሊትንም የመስማት ችሎታንም ይጎዳል። በመሆኑም ሰዓቱ ደርሷል ተብሎ ብቻ ቀጣዩ መርፌ አይወጋም፤ ነርሱ አስቀድሞ የሽንቱን መጠንና የክሬያቲኒኑን ውጤት አይቶ ሐኪሙን ይጠይቃል። ፉሮሴሚድ በደም ሥር ሲሰጥ በዝግታ መሆን አለበት፤ በፍጥነት ከተሰጠ እርሱም ጆሮን ይጎዳል። ሽንት ለማይወጣው ሕፃን ፖታሲየም ክሎራይድ በጉሉኮስ ተጨምሮ ከተሰጠ ደግሞ ልብን እስከ ማቆም ሊደርስ ይችላል።

ሕፃኑ ከሆስፒታል ሲወጣ ለወላጆቹ የሚነገረውም የነርሱ ሥራ አካል ነው። ለትኩሳትና ለሕመም አይቡፕሮፌን ወይም ዲክሎፌናክ ከመድኃኒት ቤት ገዝተው እንዳይሰጡ፣ ፓራሲታሞልም በክብደቱ ልክ እንዲሆን ይመከራሉ። እብጠቱ ጠፋ ተብሎ ፕሬድኒሶሎን በድንገት እንዳይቋረጥ፣ ሕፃኑ መድኃኒቱን በከፍተኛ መጠን በሚወስድበት ጊዜም እንደ ኩፍኝ ያለ ሕያው ክትባት ከመከተቡ በፊት ሐኪም እንዲጠየቅ ይነገራቸዋል።