የሊቨርፑል ወዛደር ለምን አሥር ዓመት ዘገየ?

በ1945 (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ጦርነቱን በድል የመሩት ቸርችል በምርጫ ወደቁ። ክሌመንት አትሊ የሚመሩት የሠራተኛ ፓርቲ፣ በአገሩ አጠራር ሌበር፣ የለንደንን ፓርላማ በሰፊ ብልጫ ያዘ። በዚያው ዓመት ኖቬምበር 1 ቀን ደግሞ በጦርነቱ ሳቢያ ተቋርጦ የነበረው የከተማ ምክር ቤቶች ምርጫ እንደገና ተጀመረና እዚያም ሌበር ቀናው። ብዙ ከተሞች እጁ ገቡ። የብረት ከተማይቱ ሼፊልድማ ለአጭር ጊዜ ካልሆነ በቀር ከ1926 ጀምሮ የእሱ ነበረች። ሊቨርፑል ግን ንቅንቅ አላለችም። የወደብ ሠራተኛና የመርከበኛ አገር፣ ድኽነቱ በመላው እንግሊዝ የታወቀ ከተማ፣ ወግ አጥባቂዎቹ ይምሩኝ ብላ ቀጠለች። ሌበር የሊቨርፑልን ምክር ቤት ለመጀመሪያ ጊዜ የመራው በ1955 ነው።

ይህን ሲሰሙ ብዙዎች «ያልነቃ ወዛደር» ብለው ያልፉታል። መልሱ ቀላል ነው፤ ቀላል ስለሆነም ብዙ ይደገማል። እኔ ግን አልቀበለውም። የሊቨርፑል ሰው ጥቅሙን አያውቅም ነበር ከማለት በፊት፣ ሥራ ሲጠፋ ማን ዘንድ ይሄድ ነበር? ልጁን የት ያስተምር ነበር? ሲታመምስ ማን ይጠይቀው ነበር? ብሎ መጠየቅ ይገባል።

ነገሩ ከአየርላንድ ረሃብ ይጀምራል። በ1847 ብቻ ወደ 300,000 የሚጠጉ አየርላንዳውያን ሊቨርፑል ወደብ ላይ ወረዱ። አብዛኞቹ ወደ አሜሪካና ወደ ሌሎች የእንግሊዝ ከተሞች አለፉ፤ መሳፈሪያ ያጣው ግን እዚያው ቀረ። ካቶሊኮቹ ስኮትላንድ ጎዳና በሚባለው መንገድ ግራና ቀኝ ሰፈሩ። ከዚያ ትንሽ ከፍ ብሎ፣ ኔዘርፊልድ ጎዳና በሚባለው ዳገት ላይ፣ የኦሬንጅ ማኅበር አባላት የሆኑ ፕሮቴስታንቶች ነበሩ። መካከላቸው ያለው አንድ የገበያ መንገድ ነው። ሁለቱም ወገን ድኻ፣ ሁለቱም ወገን ወደብ ላይ ላቡን የሚያንጠፈጥፍ። ግን በ1909 በሃይማኖት ሰበብ ተነሥቶ በነበረው ረብሻ ተደባድበዋል፤ በየዓመቱ ጁላይ 12 ቀን የኦሬንጆቹ ሰልፍ ከበሮውን እየመታ ሲወጣ አንዱ ሌላውን በዓይነ ቁራኛ ይመለከት ነበር።

የወደቡ ሥራ ደግሞ የቀን ሥራ ነው። ጫኝና አውራጁ ጠዋት ይሰለፋል፤ ካቦው በጣቱ «አንተ፣ አንተ» እያለ ይመርጣል፤ ያልተመረጠው ባዶ እጁን ይመለሳል። ይህ ዓይነት አቀጣጠር ጨርሶ የተነሣው በ1967 ነው። እንዲህ ባለ ቦታ ወዛደርነት ብቻውን አንድ አያደርግም። የካቦው ዘመድ፣ የካቦው አጥቢያ፣ የካቦው ማኅበር መሆን ነው እንጀራ የሚያበላው። ጋሪ ነጂው አብዛኛውን ጊዜ ፕሮቴስታንት፣ ጫኙ አብዛኛውን ጊዜ ካቶሊክ ሆነና የሥራ ማኅበሩ ራሱ የሃይማኖት ድንበር ተበጀለት።

ይህን ጠንቅቆ ያወቀ ሰው አርቺባልድ ሳልቪጅ ነው። በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ የሠራተኞች ወግ አጥባቂ ማኅበርን ያዘና ፕሮቴስታንቱን ወዛደር ከነጋዴውና ከመርከብ ባለቤቱ ጋር በአንድ ጎራ አሰለፈው። ካቶሊኩ በበኩሉ የአየርላንድ ብሔርተኞችን መረጠ። ቲ. ፒ. ኦኮነር የሚባለው የአየርላንድ ሰው ከ1885 እስከ 1929 የስኮትላንድ ቀጠና እንደራሴ ሆኖ ለንደን ተቀምጧል፤ ከአየርላንድ ውጭ ለፓርላማ የተመረጠ ብቸኛው የአየርላንድ ብሔርተኛ እሱ ነው። አየርላንድ በ1922 የራሷን መንግሥት ስታቆም ብሔርተኛው ፓርቲ ምክንያቱ አለቀ። መራጩ ከነቄሱ፣ ከነአጥቢያው ወደ ሌበር ዞረ።

ታዲያ ይሄ ለሌበር በረከትም መርገምም ሆነበት። ድምፅ አገኘ፤ ግን «የካቶሊኮች ፓርቲ» ተባለ። በ1930 በብራውንሎው ኮረብታ ላይ የነበረው የድኾች መጠለያ ቦታ ለካቶሊክ ካቴድራል ይሸጥ አይሸጥ የሚል ክርክር ምክር ቤቱ ውስጥ ሲነሣ የሌበር ተመራጮች እርስ በርሳቸው ተሰነጣጠቁ። ቦታው ተሸጠ። (ካቴድራሉ የተመረቀው በ1967 ነው።) ቀጥሎ የትምህርት ቤት ጠብ መጣ። ለካቶሊክ ትምህርት ቤቶች ማሠሪያ የሚሆን ገንዘብ መስጠት በሕግ ቢፈቀድም የከተማው ምክር ቤት እምቢ አለ። ነገሩ በ1939 ለሊቨርፑል ብቻ ተብሎ በወጣ ልዩ ሕግ ነው የተፈታው። እንግዲህ ፓርላማው ለአንዲት ከተማ የሃይማኖት ጠብ ሕግ እስኪያወጣ ድረስ ከደረሰ፣ በምርጫ ቀን አባወራው ምን እያሰበ ወደ ጣቢያው እንደሚሄድ መገመት አያዳግትም።

በዚህ ላይ የምርጫው ሥርዓት አለ። ለአንባቢ አሰልቺ ቢሆንም ያለሱ ውጤቱ አይነበብም። የሊቨርፑል ምክር ቤት በ1950ዎቹ 160 መቀመጫ ነበረው። 120ው ከ40 የምርጫ ቀበሌዎች ሦስት ሦስት ሆነው በሕዝብ የሚመረጡ ናቸው፤ በየዓመቱ ከሦስት አንዱ ወርዶ በምትኩ ይመረጣል። የቀሩት 40 «አልደርማን» ይባላሉ። እነዚህን ሕዝብ አይመርጣቸውም፤ ተመራጮቹ ራሳቸው ለስድስት ዓመት ይሾሟቸዋል። ሒሳቡን እንሥራው። አንድ ፓርቲ ከሕዝብ መቀመጫዎች 61ዱን ቢያሸንፍ ከግማሽ በላይ አገኘ ማለት ነው፤ ምክር ቤቱን በእርግጠኝነት ለመምራት ግን 81 ያስፈልጋል። የአልደርማኑ ወንበር በተቀናቃኝ እጅ ካለ፣ መራጩ ዛሬ የወሰነው ነገር ዓመታት ይጠብቃል። የመምረጥ መብቱም ቢሆን እስከ ጦርነቱ ድረስ በቤት ግብር ከፋይነት ላይ የቆመ ነበር። በወላጁ ቤት የሚኖር ጎልማሳ ልጅና ተዳባዩ ለፓርላማ ይመርጣሉ፣ ለከተማቸው ግን አይመርጡም። ይህ የተስተካከለው በ1945 ነው።

ከጦርነቱም በኋላ የድሮው ጎራ ወዲያው አልፈረሰም። የፕሮቴስታንት ፓርቲ የሚባል በኔዘርፊልድና በሴንት ዶሚንጎ ቀበሌዎች እያሸነፈ ምክር ቤት ይገባ ነበር። መሪው ፓስተር ሎንግቦተም በ1950 የሊቨርፑል ከንቲባ ሆኑ። ከአትሊ ድል አምስት ዓመት በኋላ ማለት ነው!

አሁን ወደ 1955 እንምጣ። ሜይ ወር ላይ በተደረገው የከተማ ምርጫ ሌበር ምክር ቤቱን ያዘ፤ መሪው ጃክ ብራዶክ ነበር፤ ሚስቱ ቤሲ ብራዶክ ከ1945 ጀምራ የፓርላማ አባል ናት፤ ባልና ሚስቱ የማይፈሩት ባለሥልጣን አልነበረም ይባላል። በዚያው ወር በ26ኛው ቀን ግን ጠቅላላ ምርጫ ሆነና የሊቨርፑል ሰው ካሉት ዘጠኝ የፓርላማ ወንበሮች ስድስቱን ለወግ አጥባቂዎች ሰጠ። በአንድ ወር፣ በአንድ ከተማ፣ ሁለት ውጤት። እኔ ይህን ግራ መጋባት አልለውም። በከተማው ምርጫ የሚወጣው ሰው ጥቂት ነው፤ ጥቂት ድምፅ ሚዛኑን ያዞረዋል። ከዚያም በላይ የከተማ ምክር ቤት ማለት በዚያ ዘመን አንድ ነገር ማለት ሆኖ ነበር፦ ቤት።

በ1941 ሜይ ወር የጀርመን አውሮፕላኖች ሰባት ሌሊት ሙሉ ደብድበዋታል። ከዚያ በፊትም ደሳሳው ቤት፣ ምድር ቤቱ፣ የጋራ ሽንት ቤቱ አለ። ከጦርነቱ በኋላ ቤት የሚሠራውና የሚያከራየው ምክር ቤቱ ሆነ። የቤት ወረፋ ላይ ያለ ሰው ቄሱም የኦሬንጅ ማኅበሩም ቤት አይሰጡትም፤ የሚሰጠው የማዘጋጃ ቤቱ ቢሮ ነው። የድሮው ደጅ ጥናት ሌላ ደጅ አገኘ ልበል? የሌበር ድል ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው ብዬ አምናለሁ።

ግን እዚህ ላይ አንድ የማይታለፍ ነገር አለ። ቤቱ የተሠራው የት ነው? ብዙው የተሠራው ከከተማው ወሰን ውጭ ነው። ኪርክቢ የምትባለው የገጠር መንደር በ1951 ወደ 3,000 ሰው ነበራት፤ በ1961 ወደ 52,000 ደረሰች። የመጡት የሊቨርፑል ድኾች ናቸው፤ አከራያቸው የሊቨርፑል ምክር ቤት ነው፤ በ1958 ግን ኪርክቢ የራሷን ምክር ቤት አቆመች። ስለዚህ ተከራዩ ኪራዩን ለሊቨርፑል ይከፍላል፣ ድምፁን ለኪርክቢ ይሰጣል። ኪራይ ቢጨመርበት ጨማሪውን ከወንበሩ የሚያወርድበት ካርድ የለውም። በመሃል ከተማም ጎዳናው ሲፈርስ አጥቢያው አብሮ ፈረሰ፤ ለሌበር በስማ በለው ይወጣ የነበረው መራጭ ተበተነ። ጎረቤቱ ካቶሊክ ይሁን ፕሮቴስታንት የማያውቅ፣ አዲስ ፎቅ ላይ የሚኖር ሰው ተፈጠረ። ቤት የሰጠው ሌበር፣ መራጩን ከሥሩ የነቀለውም ሌበር። ወግ አጥባቂዎቹም ቤት ያፈርሱና ይሠሩ ስለነበር ሁሉን በእሱ ላይ መጫን አይገባም፤ ብዙ የከሰረው ግን እሱ ነው።

ምክር ቤቱ ድምፅ በሌለው ሰው ላይ እንዴት እንደሚጨክን የባሰውን ያየችው ዌልስ ናት። ሊቨርፑል ውኃ ፈለገች። በዌልስ ትራይወሪን ሸለቆ ውስጥ ካፔል ኬሊን የሚባል፣ ነዋሪው በዌልስኛ የሚናገርበት መንደር ነበር። በ1957 ፓርላማው ሸለቆው ለሊቨርፑል ግድብ እንዲሆን ፈቀደ፤ ከዌልስ እንደራሴዎች አንድ እንኳ ደግፎ ድምፅ አልሰጠም። መንደርተኞቹ ሊቨርፑል ድረስ ሄደው በጎዳና ተሰለፉ። በ1965 ግድቡ ሲመረቅ ቤቱ፣ ትምህርት ቤቱ፣ ጸሎት ቤቱ ውኃ ውስጥ ነበር። የሊቨርፑል ምክር ቤት ይቅርታ የጠየቀው በ2005 ነው። ይህን ያደረገው የወዛደሩ ምክር ቤት መሆኑ ያስቆጫል።

የቀረውን ባጭሩ ልበል። በ1961 ወግ አጥባቂዎች ተመለሱ፤ በ1963 ሌበር ተመለሰ፤ ብራዶክ በዚያው ዓመት ሞተ። በ1967 ለንደን ላይ የዊልሰን መንግሥት ሲጠላ የሊቨርፑል ሌበርም አብሮ ተቀጣ።

ከዚያ ማንም ያልቆጠራቸው መጡ። የሊበራሎቹ ሲረል ካርና ትሬቨር ጆንስ ስለ ካፒታልም ስለ ሃይማኖትም ብዙ አላወሩም። በየቤቱ በር ሥር በራሪ ወረቀት አስገቡ፦ የተሰበረው የእግረኛ መንገድ፣ የተደፈነው ቦይ፣ ያልተነሣው ቆሻሻ። ጆንስን ሰዉ «ጆንስ ድምፁ» እያለ ይጠራው ጀመር። የኛ ዓይነት አንባቢ ይህን ፖለቲካ ብሎ ለመጥራት ይከብደው ይሆናል፤ ግን አጥቢያው ከፈረሰ በኋላ በሩን ያንኳኳ ማን ነበር? በ1973 አልደርማን የሚባለውን ሹመት ባስቀረው አዲስ ሥርዓት 99 መቀመጫዎች በሙሉ ለውድድር ቀረቡ። ሊበራል 48፣ ሌበር 42፣ ሳልቪጅ በፕሮቴስታንቱ ወዛደር ትከሻ ላይ የገነባው ወግ አጥባቂ ፓርቲ 9 አገኘ። ብቻውን 50 የሞላ አልነበረም። የፕሮቴስታንት ፓርቲም በዚያው ሰሞን አከተመ፤ ወግ አጥባቂዎቹ ደግሞ እየመነመኑ ሄደው በ1998 የመጨረሻዋን ወንበራቸውን አጡ።